ሕፃናትና የሞት ፍርሃት፤ የሥነ ልቡና ጥናቶች፣ እምነትና የትምህርት ቤት ድርሻ

1. የጥያቄው መነሻ

ሰው ከሌሎች ፍጡራን ከሚለይባቸው ባሕርያት አንዱ፣ እንደሚሞት አስቀድሞ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ይህ ዕውቀት የሃይማኖት አባቶችን፣ ፈላስፎችንና ባለቅኔዎችን ከጥንት ጀምሮ ሲያነጋግር የኖረ ቢሆንም፣ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ጉዳዩን በምርምር መንገድ መመልከት የጀመሩት ዘግይተው ነው። አሜሪካዊው ኸርማን ፋይፍል «የሞት ትርጉም» የተሰኘውን የጥናቶች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመበት ጊዜ፣ ሆስፒታሎች ሕመምተኞቻቸው ስለ ሞት እንዲጠየቁ በቀላሉ አይፈቅዱም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከስድሳ በሚበልጡ ዓመታት ግን የሞት ፍርሃት ከአእምሮ ጤንነት ጋር ያለው ግንኙነት፣ እምነት በዚህ ፍርሃት ላይ ያለው ኃይልና ሕፃናት ሞትን የሚረዱበት መንገድ በስፋት ተጠንተዋል።

ጉዳዩ መምህራንን የሚመለከትበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በመርዓዊ ከተማ አጠገብ፣ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ ለማልማት ታቅዶ የተሠራው የቆጋ ግድብ ይገኛል። በዚህ አካባቢ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ታሞ ወይም ውኃ ወስዶት ሞተ እንበል። ቀብሩ በተፈጸመ ማግሥት ትምህርት ይቀጥላል። መምህሩ ስም ሲጠራ የልጁን ስም ዘሎ ያልፋል፤ አብሮት ይቀመጥ የነበረው ጓደኛው ወደ ሌላ ወንበር ይዛወራል፤ ስለ ሟቹ ግን አንድም ቃል አይነገርም። መምህሩ ይህን የሚያደርገው ልጆቹን ላለማስፈራት ብሎ እንጂ ከጭካኔ የተነሣ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ነገር፣ ይህ አሠራር ልጆቹን በእርግጥ ከፍርሃት ይጠብቃቸዋል ወይ የሚለው ነው።

ምሳሌው ለማስረዳት የቀረበ ይሁን እንጂ ችግሩ በገሃድ ያለ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ ብዙ ቤተሰቦችንም የኀዘን ቤት አድርጓል። በመርዓዊ ከተማ ብቻ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። እንዲህ ባለው ዘመን ወደ ክፍል የሚገባ ተማሪ ስለ ሞት ምንም የማያውቅ አድርጎ መገመት ከእውነታው መራቅ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ኅብረተሰባችን ለአዋቂ ሰው ኀዘን ሰፊና የተደራጀ ሥርዓት ሠርቷል፤ ለሕፃን ኀዘን ግን ያዘጋጀው በአብዛኛው ዝምታን ነው። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ ዝምታ ፍርሃትን እንደሚቀንስ አያሳዩም። ስለዚህ ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ የሚሠራው ሥራ አለው።

2. የሞት ፍርሃት ምንድን ነው? እንዴትስ ይለካል?

«ሞትን መፍራት» የሚለው አነጋገር አንድ ነገር ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ ፍርሃቶችን ይይዛል። አንዱ የሚፈራው የሕመሙን ሥቃይ ነው፤ ሌላው ከሞት በኋላ የሚጠብቀውን ፍርድ ነው፤ ሌላው ልጆቹን ያለ አሳዳጊ ጥሎ መሄዱን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ባለሙያ ዶናልድ ቴምፕለር እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣውና በብዙ አገሮች የተሠራበት የሞት ሥጋት መለኪያ፣ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ተብለው የሚመለሱ 15 ዐረፍተ ነገሮችን የያዘ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ ስለ አሠቃቂ ሕመም፣ ስለ ቀዶ ሕክምና፣ ስለ ሕይወት ማጠር፣ አስከሬን ስለ ማየትና እነዚህን ስለ መሳሰሉ ነገሮች የሚጠይቁ ናቸው።

ሆኖም እንዲህ ያለው መጠይቅ በትርጉም ብቻ ወደ አማርኛ ቢመለስ የአካባቢያችንን ሰው ፍርሃት በሙሉ ይይዛል ለማለት ያስቸግራል። በአገራችን «አሟሟቴን አሳምርልኝ» ብሎ የሚጸልይ ሰው የሚፈራው ሞትን ራሱን ሳይሆን የአሟሟቱን ሁኔታ ነው። ንስሐ ሳይገባ፣ ወገኖቹን ሳይሰናበት፣ ከአገሩ ርቆ፣ በወጉ ሳይቀበር መሞት ከሞት የከፋ ሆኖ ይታየዋል። «ቀባሪ አያሳጣኝ» የሚለው ልመናም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። ስለሆነም በእኛ አገር በዚህ ጉዳይ ላይ ጥናት ለማድረግ የሚነሣ ሰው፣ የውጭውን መጠይቅ ከመተርጎሙ በፊት ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ምን እንደሚፈሩ ቢጠይቅ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ሞትን በመጠኑ መፍራት ጤናማ ነው፤ ሰው ከአደጋ እንዲጠበቅ ያደርገዋልና። ፍርሃቱ ከመጠን ሲያልፍ ግን ልዩ ልዩ መልክ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ምንም ሕመም ሳይገኝበት ከሐኪም ወደ ሐኪም ይዞራል፤ ሌላው ልቡ በመታች ቁጥር የሞተ ይመስለዋል፤ ሌላው ከቤት መውጣት ይፈራል። አውስትራሊያዊቷ ሬቸል ሜንዚስና ባልደረቦችዋ እ.ኤ.አ. በ2018 የሕክምና ሙከራዎችን አሰባስበው ባወጡት ጥናት፣ የሰውየውን አስተሳሰብና ድርጊት ደረጃ በደረጃ የሚያርም የሥነ ልቡና ሕክምና የሞት ሥጋትን ሊቀንስ መቻሉን አሳይተዋል። ይህም ማለት ከመጠን ያለፈ የሞት ፍርሃት እርዳታ ሊደረግለት የሚችል ችግር ነው።

3. እምነት ፍርሃትን ይቀንሳልን?

አሜሪካዊው የባህል አጥኚ ኧርነስት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ልጅ ባህል በብዙው የቆመው የሞትን ፍርሃት ለመቋቋም ነው የሚል አሳብ አቀረበ። ይህን ተከትለው ጄፍ ግሪንበርግ፣ ቶም ፒሽቺንስኪና ሼልደን ሰሎሞን እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ ንድፈ ሐሳብ ዘረጉ። ሰው ሞቱን ሲያስብ የራሱን እምነትና ባህል ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፤ ከዚያ የሚወጣውንም ይበልጥ ይቀጣል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ሙከራቸው በአሜሪካ 22 ዳኞች የተካፈሉበት ነበር። አስቀድመው ስለ ራሳቸው ሞት እንዲያስቡ የተደረጉት ዳኞች ሕግ ተላልፋለች ለተባለች ሴት በአማካይ የ455 ዶላር ዋስ ሲጠይቁ፣ ስለ ሞት ያልተጠየቁት ግን የጠየቁት 50 ዶላር ብቻ ነበር።

ይህ ውጤት ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። ነገር ግን በርካታ ላቦራቶሪዎች በአንድነት ሆነው የዚሁን ንድፈ ሐሳብ አንድ የታወቀ ሙከራ ደግመው በመሞከር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት የሚጠበቀውን ውጤት ሊያገኙት አልቻሉም። ይህ ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት አለ። አንድ ጥናት ምንም ያህል የሚማርክ ቢሆን ተደግሞ ሳይረጋገጥ የሥራ መመሪያ ሊሠራበት አይገባም።

እምነትና የሞት ፍርሃት ስላላቸው ግንኙነት ይበልጥ የሚታመነው፣ ጆናታን ጆንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 መቶ ያህል ጽሑፎችን መርምረው ያወጡት ጥናት ነው። ከተመረመሩት ውጤቶች ከግማሽ የሚበልጡት በሃይማኖተኛነትና በሞት ፍርሃት መካከል ግንኙነት አላገኙም። 30 ከመቶ ያህሉ ሃይማኖተኛው ሰው ያነሰ ፍርሃት እንዳለው ሲያሳዩ፣ 18 ከመቶ ያህሉ ደግሞ የተገላቢጦሹን አሳይተዋል። ጥናቶቹ የተደረጉት በአብዛኛው በምዕራብ አገሮች ስለሆነ ለእኛ አገር በቀጥታ የሚሠራ መደምደሚያ ሊወሰድባቸው አይቻልም። ይሁን እንጂ «ሃይማኖት ፍርሃትን ያጠፋል» ወይም «ሃይማኖት ፍርሃትን ይፈጥራል» ብሎ በጅምላ መናገር ትክክል አለመሆኑን ያስረዳሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ የእምነት ብዛት ብቻውን ነገሩን እንደማይወስን፣ ሰው የሚያምነው ምን እንደሆነና እንዴት እንደተማረውም ሊታሰብበት እንደሚገባ ነው።

ለዚህ በጣና ዳርቻ ጥሩ ምሳሌ አለ። በዘጌ ባለው በዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእ ታሪክ በሥዕል ይታያል። ሰው በላ የነበረው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ባጠጣው ጥርኝ ውኃ ምክንያት ከኩነኔ መዳኑን የሚተርክ ነው። ሥዕሉን የሚያይ ሕፃን ሰው በላውን ብቻ አይቶ ሌሊት ሊባንን ይችላል፤ የጥርኝ ውኃዋን ምሕረት አስተውሎም ሊጽናና ይችላል። ከሁለቱ የትኛውን ይዞ እንደሚሄድ በብዙው የሚወስነው አጠገቡ ቆሞ የሚያስረዳው አዋቂ ነው።

4. ኅብረተሰቡ ኀዘንን የሚሸከምበት ሥርዓት

የአካባቢያችን ሥርዓተ ኀዘን ሲመረመር በውስጡ ብዙ የሥነ ልቡና ጥበብ ይገኛል። በመጀመሪያ መርዶ አለ። የሞት ዜና ለቅርብ ዘመድ በድንገትና በብቸኝነት እንዲደርሰው አይደረግም። ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው፣ ጊዜ መርጠው፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ ሄደው ይነግሩታል። የውብዳር በየነ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ክፉ ዜናን በቀጥታ ለሕመምተኛው መንገራቸው ኢትዮጵያውያኑን በብርቱ ያስቀይም ነበር። በኢትዮጵያውያኑ ልማድ ዜናው አስቀድሞ የሚነገረው ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ነውና። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ መርዶ እውነትን መደበቅ አለመሆኑ ነው። መርዶ እውነትን በተገቢው ጊዜ፣ በተገቢው ሰው አፍና በወገን መካከል መናገር ነው።

ቀጥሎ ለቅሶ አለ። ኀዘንተኛው እንዲያለቅስ፣ የሟቹን መልካም ሥራ እያነሣ እንዲናገር ይፈቀድለታል፤ ይጠበቅበታልም። ዕድሩ ድንኳኑንና ዕቃውን ያቀርባል፤ ጎረቤት እህልና ውኃውን ይዞ ይመጣል። ኀዘንተኛው ብቻውን እንዲያድር አይደረግም። በክርስቲያኑ ዘንድ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተባለ ኀዘኑ በቀን መቁጠሪያ ይከፋፈላል። በሙስሊሙም ዘንድ ጀናዛው በፍጥነት ይቀበራል፤ ወዳጅ ዘመድ ለተዕዚያ ይሰበሰባል፤ ዱዓና ሶደቃ ይደረጋል። በዘጌ ተቀምጦ የአካባቢውን ኑሮ ያጠናው ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መቃብር፣ ስለ አፅምና ስለ ተዝካር ድግስ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ መጻፉ፣ እነዚህ ጉዳዮች በማኅበራዊ ኑሮው ውስጥ ያላቸውን ክብደት ያሳያል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምድብ ውስጥ «የተራዘመ ኀዘን» የሚባል የአእምሮ ጤና ችግር ተካቷል። አንድ ሰው ይህ ችግር አለበት የሚባለው ብርቱ ኀዘኑ ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ፣ የዕለት ሥራውን ሲያሰናክልበትና ከራሱ ባህልና ሃይማኖት ልማድ ሲያልፍ ነው። የእኛ መንፈቅም የሚውለው በዚሁ በስድስተኛው ወር ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ኀዘን ጊዜ የሚፈልግ፣ በጊዜውም ሊቀል የሚገባው መሆኑን ሁለቱም ያመለክታሉ።

የተዝካር ወጪ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ መክተቱ የታወቀና ብዙ የተባለበት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንዘረዝረውም። ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመው የሥርዓቱ ሌላ ጉድለት ነው። ይህ ሁሉ መርዶ፣ ለቅሶ፣ ዕድርና ተዝካር የተዘጋጀው ለአዋቂ ነው። ሕፃኑን በብዙ ቤት ጎረቤት ይወስደዋል። አባቱ ወዴት እንደሄደ ሲጠይቅ «አገር ቤት ሄዷል»፣ «ተኝቷል»፣ «ይመጣል» ይባላል። ለአዋቂው መርዶ ነጋሪ ሲላክለት ለሕፃኑ አይላክለትም። ሕፃኑ ግን የእናቱን ጥቁር ልብስ ያያል፤ የሰዎችን ሹክሹክታ ይሰማል፤ የሆነውንም ብቻውን ሆኖ ይገምታል።

5. ሕፃናት ሞትን በየዕድሜያቸው እንዴት ይረዱታል?

በዚህ ረገድ ቀደምት ከሚባሉት ጥናቶች አንዱ ማሪያ ናጂ በሃንጋሪ አገር ከ3 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 378 ሕፃናት መርምራ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣችው ነው። በዚህ ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ ያየዋል፤ የሄደው ይመለሳል ብሎም ይጠብቃል። ከ5 እስከ 9 ዓመት ያለው ሞትን መጥቶ እንደሚወስድ እንደ አንድ አካል ይቆጥረዋል፤ ብልህና ፈጣን የሆነ ሰው የሚያመልጠውም ይመስለዋል። ከ9 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ሞት የማይቀርና የሕይወት ፍጻሜ መሆኑን ይረዳል። በኋላ በአሜሪካ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ሞትን እንደ አካል የማየቱ ነገር አልተገኘም። ይህም ከፊሉ አረዳድ ከዕድሜ ብቻ ሳይሆን ሕፃኑ ካደገበት ባህልና ከሚሰማው ተረት እንደሚመጣ ያስገምታል።

ማርክ ስፒስና ሳንዶር ብሬንት እ.ኤ.አ. በ1984 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕፃኑ ሊረዳቸው የሚገቡ ሦስት ነጥቦችን ለይተዋል። አንደኛው የሞተ አለመመለሱ ነው። ሁለተኛው በሞት ጊዜ የአካል ሥራ ሁሉ መቆሙ ነው፤ የሞተ አይተነፍስም፣ አይራብም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። ሦስተኛው ሕይወት ያለው ሁሉ መሞቱ ነው። አብዛኞቹ ልጆች እነዚህን ሦስት ነጥቦች የሚረዱት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ መሆኑን ገልጸዋል። እንግዲህ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የሚገኙት ልክ በዚህ መሻገሪያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ መምህራን የሚያነሡት ጥያቄ አለ። በባዮሎጂ ትምህርት «ሲሞት አካል ሥራውን ያቆማል» ብሎ ማስተማር፣ በቤት «ነፍሱ በገነት ናት» ከሚባለው ጋር አይጋጭምን? ሪታ አስቱቲና ፖል ሃሪስ በማዳጋስካር ጠረፍ ዓሣ በማስገር በሚኖሩት በቬዞ ሕዝብ መካከል አድርገው እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። የአካባቢው ሰዎች በሆስፒታል ስለ ሞተ ሰው ታሪክ ሲነገራቸው በአብዛኛው የአካሉ ሥራ መቆሙን ይናገራሉ። ታሪኩ ስለ መቃብርና ስለ አባቶች ሥርዓት ሲሆን ግን ሟቹ እንደሚያውቅና እንደሚያስታውስ የሚናገሩት ይበዛሉ። አንዱ ሰው ሁለቱንም ዕውቀት ይዞ፣ እያንዳንዱን በቦታው ይጠቀምበታል። በመሆኑም መምህሩ ስለ ሥጋ የሚያስተምረውና የሃይማኖት አባት ስለ ነፍስ የሚያስተምረው በአንድ ልጅ አእምሮ ውስጥ ሳይጣሉ ሊኖሩ ይችላሉ። መምህሩ ከሁለቱ አንዱን ለማፍረስ መነሣት አይኖርበትም።

6. ዝምታ ይጠብቃልን?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ቨርጂኒያ ስሎተርና ማያ ግሪፊትስ በአውስትራሊያ ከ4 እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 90 ሕፃናት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አውጥተዋል። የሕፃናቱ ዕድሜና አጠቃላይ የጭንቀት ጠባያቸው ከተመዛዘነ በኋላ፣ ሞትን በሚገባ የተረዱት ሕፃናት ካልተረዱት ያነሰ ፍርሃት የነበራቸው ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ዕውቀት ፍርሃትን እንደሚያበዛ የሚታሰበውን ግምት የሚደግፍ አይደለም፤ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው።

ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። የሞተ ሰው አሁንም ይተነፍሳል፣ ይራባል፣ ይበርደዋል ብሎ የሚያስብ ሕፃን፣ እናቱ በአፈር ውስጥ ታፍና እንደምትኖር አድርጎ ያስባታል። «ተኝቷል» የተባለ ሕፃን ራሱ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው» የተባለውም መወደድን ሊፈራ ይችላል። «አልታዘዝ ብለኸው ነው የሄደው» የተባለ ሕፃን ደግሞ የሞቱ ምክንያት እሱ የሆነ ይመስለዋል። እነዚህ አባባሎች ከርኅራኄ ወይም ካለማስተዋል የሚነገሩ ቢሆኑም ሕፃኑ የሚወስዳቸው ቃል በቃል ነው።

የአንድ ጥናት ውጤት ብቻውን ሕግ አይሆንም ብለናል፤ ይህም ጥናት ከዚያ ደንብ ውጭ አይደለም። በአገራችን ሕፃናት ላይ ተደግሞ መጠናት ይኖርበታል። እስከዚያው ድረስ ግን ዝምታን የሚደግፍ ማስረጃ ካለመኖሩም በላይ፣ የራሳችን የመርዶ ልማድ እውነት በወገን መካከል እንዲነገር የሚያስተምረን መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

7. ጠበልና ሐኪም ቤት

አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 100 ያህል ታዋቂ ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎቹ ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን ሲመርጡ ለአእምሮ ሕመም ግን ይበልጥ የመረጡት ባህላዊውን መንገድ ነበር። የጠበል ቦታ ዝና ከፍ ባለበት በጣና ዙሪያም መምህሩ የሚያገኘው ወላጅ አስቀድሞ ጠበልን፣ ከዚያም ምናልባት ሐኪምን የሚያስብ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም። ለዚህ አንዱ ምክንያት እምነት ሲሆን ሌላው የአገልግሎቱ ማነስ ነው። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተወስኖ ኖሯል። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ነው።

ሁለቱን መንገዶች ማጣላት ሕመምተኛውን ይጎዳዋል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ ማሳሰባቸው፣ የእምነትና የሕክምና ሰዎች ሊተባበሩ እንደሚችሉ የሚያሳይ የራሳችን ምሳሌ ነው። በናይጄሪያና በጋና የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የሕክምና ሙከራም፣ የባህልና የእምነት ፈዋሾች ከጤና ሠራተኞች ጋር ተባብረው ሲሠሩ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ እንደሚሻላቸው አረጋግጧል። ስለዚህ መምህሩ ለወላጅ የሚናገረው «ጠበሉን ተዉና ሐኪም ቤት ሂዱ» ሳይሆን «ሐኪም ቤትም ይታይ» የሚል ሊሆን ይገባል።

8. ለመምህራን የሚቀርቡ አሳቦች

የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የመጀመሪያ የሥነ ልቡና እርዳታ መመሪያ፣ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሊያደርገው የሚችለውን እርዳታ በሦስት ቃላት ያጠቃልሉታል፤ መመልከት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። ይህንኑ መሠረት በማድረግ መምህሩ የሚከተሉትን ሊሠራ ይችላል።

ሀ/ አንድ ተማሪ ወይም መምህር ሲሞት በክፍል ውስጥ በግልጽና በአጭሩ መናገር። «ሞቷል» የሚለውን ቃል መሸሽ አያስፈልግም። የሚነገረው አስቀድሞ ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ተመክሮበት ይሁን። የቤተሰብ ሞት ከሆነ ግን ለልጁ መርዶ የሚነግረው ወላጅ ወይም ዘመድ እንጂ መምህሩ ቀድሞ አይደለም።

ለ/ ባዶውን ወንበር አለመሸሽ። ልጆቹ ስለ ጓደኛቸው የሚያስታውሱትን እንዲናገሩ፣ የፈለጉ እንዲጽፉ ወይም ሥዕል እንዲሥሉ ጊዜ መስጠት። መናገር ያልፈለገውን አለማስገደድ።

ሐ/ የልጆችን ጥያቄ በእውነት መመለስ። ስለ አካል የሚጠየቀውን በሚያውቁት መጠን ማስረዳት፤ ስለ ነፍስ የሚጠየቀውን ወደ ወላጆቻቸውና ወደ ሃይማኖት አባቶቻቸው መምራት። ክፍሉ የልዩ ልዩ ሃይማኖት ልጆች የሚገኙበት ከሆነ ይህ ይበልጥ ጥንቃቄ ያሻዋል።

መ/ ልቅሶ መድረስ። መምህርና ተማሪዎች ኀዘን ወደ ገባበት ቤት መሄዳቸው፣ ያዘነው ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ እንግዳ እንዳይሆን ያደርገዋል።

ሠ/ ልጁን መከታተል። ኀዘን የገባው ልጅ ለጥቂት ሳምንታት ቢፈዝ፣ ሆዴን ራሴን አመመኝ ቢል፣ ከእናቱ ላለመለየት ቢያለቅስ፣ በትምህርቱ ወደ ኋላ ቢል የሚጠበቅ ነው። ሁኔታው ለወራት ሳይሻሻል ሲቀር፣ ልጁ ከምግብና ከጨዋታ ፈጽሞ ሲርቅ፣ ሌሊት እየባነነ ያየውን አደጋ ደጋግሞ ሲኖረው የጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ሟቹን ተከትሎ መሞት እንደሚሻ የተናገረ ልጅ ካለ ግን በዚያኑ ዕለት ለወላጆቹና ለጤና ጣቢያ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ረ/ በደኅናው ጊዜ ማስተማር። ስለ ሕይወት ዑደት በሚሰጠው ትምህርት ዘር እንደሚበቅል፣ እንደሚያፈራና እንደሚደርቅ ሲያስረዱ፣ በግና በሬም ሰውም በዚሁ ሕግ ውስጥ መሆናቸውን መጨመር። የገጠር ልጅ በበዓል ቀን በግ ሲታረድ አይቷልና ትምህርቱ ከሚያውቀው ነገር ይነሣል።

9. ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርቡ አሳቦች

ባሕር ዳር በመምህራን ማሠልጠን ረገድ ረጅም ታሪክ ያላት ከተማ ናት። በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን፣ አካባቢው እስካሁን ድረስ «ፔዳ» እየተባለ ይጠራል። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ስለ ሕፃናት ዕድገት በሚሰጡት ትምህርት ውስጥ የኀዘንና የሞት ፍርሃት ጉዳይ ጥቂት ክፍለ ጊዜያት ቢመደብለት፣ መምህሩ ችግሩ በደረሰበት ቀን ባዶ እጁን አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች በግጭት ወይም በአደጋ ምክንያት ተዘግተው ሲከፈቱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያመለጠውን ትምህርት ለመሸፈን በሚደረግ ጥድፊያ ብቻ ባያልቁ ይመረጣል። ልጆቹ ማን እንደቀረና ምን እንደደረሰ የሚሰማበት፣ የመደበኛው ሰዓትና ጨዋታ ቀስ በቀስ የሚመለስበት ጊዜ በዕቅድ ሊያዝ ይገባል። ለመምህራኑም እንዲሁ፤ እነሱም ኀዘንተኞች ናቸውና።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከጤና ጣቢያው፣ ከዕድሩና ከሃይማኖት አባቶች ጋር የሚያገናኝ የታወቀ መንገድ ያስፈልጋል። መምህሩ ልጁን ወዴት እንደሚልከው ካላወቀ «ማገናኘት» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ይቀራል። በተለይ ዕድሮች ለአዋቂው ኀዘንተኛ የሚያደርጉትን እንክብካቤ ወደ ልጆቹም እንዲያሰፉ ቢጠየቁ፣ አዲስ ድርጅት ሳይቋቋም ብዙ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

አራተኛ፣ ጥናት ያስፈልጋል። ጥናቱ መጀመር ያለበት የውጭውን መጠይቅ ከማደል ሳይሆን፣ በቆጋ፣ በዘጌ፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ቦታዎች ሕፃናትና ወላጆች ስለ ሞት የሚናገሩትን በራሳቸው ቃል ከመመዝገብ ነው።

10. ማጠቃለያ

«ሞት አይቀር፣ ስም አይቀበር» ይላል ያገራችን ሰው። ሞት የማይቀር መሆኑን ለማስተማር ትምህርት ቤት አላስፈለገም፤ ኑሮ ራሱ ያስተምረዋል። ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ሕፃኑ ይህን ዕውቀት ብቻውን እንዳይሸከመው ነው። ከላይ የተመለከቱት ጥናቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ በግልጽ የተነገረ እውነትና አብሮ የሚቆም ሰው ሕፃኑን እንደሚያበረታው ያመለክታሉ። አባቶቻችንም ለአዋቂው መርዶ ነጋሪ ሲልኩለትና ኀዘንተኛውን ብቻውን አያሳድሩትም ሲሉ ይህንኑ ተረድተው ነበር። አሁን የቀረው ሥራ ለአዋቂው የተደረገው እንክብካቤ ለሕፃኑም እንዲደርስ ማድረግ ነው። ለዚህም ከቤት ቀጥሎ በየዕለቱ ልጁን ከሚያየው ከመምህሩ የተሻለ ሰው አይገኝም።